ለሰላምታ አንድ ሰዓት

ኤዱቪና ኬውፒል የጉዞ ዕቅድ ስታወጣ መጀመሪያ የምትጠይቀው ነገር ደንበኞቿን ያስደነግጣቸዋል። ሰው ከሳኦ ፓውሎ ወይም ከቦነስ አይረስ ይደውላል። «ያለኝ አራት ቀን ነው፤ በረዶ ላይ ልንሸራተት፣ በቀረው ደግሞ የአገሬውን ባህል ልይ፤ ምን ታዘጋጂልኛለሽ?» ይላታል። እሷ ዋጋም አታነሣ፣ ሆቴልም አታነሣ። «እናትዎ ደህና ናቸው?» ትላለች።

አጠገቧ ቁጭ ብዬ ይህን ስንት ጊዜ ሰማሁ መሰላችሁ። አንዳንዱ «ቁጥር ተሳስቻለሁ መሰለኝ» ብሎ ይዘጋል። አንዳንዱ ይስቃል። አንዲት የሞንቴቪዴዮ ሴት ግን ማልቀስ ጀመረች፤ ለካ እናቷን የቀበረችው በቅርቡ ኖሯል። ኤዱቪና አልቅሳ እስኪወጣላት ጠበቀቻት፣ አጽናናቻት፣ ከዚያ ለበረዶው የሚሆናትን የጫማ ቁጥር ጠየቀቻት።

እኔ ሹፌሯ ነኝ፤ ኒባልዶ እባላለሁ። አያቴ ለእንጨት ሥራ ሎንኪማይ መጥቶ በረዶ መንገድ ዘግቶበት የቀረ ሰው ነው ይባላል፤ እኛም ከዚያ ወዲህ ንቅንቅ አላልንም። ከተማችን በአርጀንቲና ድንበር ጥግ ያለች የቺሌ ከተማ ናት። ክረምቷ ሰኔ ግም ሲል ይገባል። ከበላይዋ እሳተ ገሞራ አለ፤ ስኪ የሚባለው የበረዶ ላይ መንሸራተቻ ስፍራ እሱ ላይ ነው። በየሸለቆው የሚኖሩት ፔዌንቼዎች ናቸው፤ ስማቸው የመጣው ፔዌን ከሚባለው ረጅም ዛፍ ነው፣ ፍሬውን ቀቅለውም ፈጭተውም ይበሉታል። ኤዱቪና ከእነሱ ወገን ናት። እኔ አይደለሁም፤ ግን ዕድሜ ልኬን አብሬያቸው በረዶ ጠርጌያለሁ። እግዜር ትዕግሥት ሲያድል እኔ ጎማ ስቀይር ነበርኩ መሰለኝ፣ አልደረሰኝም። ለዚህ ይሆናል ይህቺ ሴት የምትደንቀኝ።

እናቷ በሕፃንነቷ ሞታባት፣ ያሳደጓት ፓፓይ ዙኒልዳ ካዩል ናቸው። ፓፓይ ማለት እዚህ ለአሮጊት እናት የሚሰጥ ጥሪ ነው፤ እንዲያው ደፍሮ ዙኒልዳ ብሎ የሚጠራቸው ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። ቤታቸው ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ በፔዌን ዛፎች መሐል ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር ኤዱቪና ትምህርት ቤት የምትሄደው የፓፓይ ወንድም በጠረበላት ሁለት ጣውላ ላይ እየተንሸራተተች ነበር። ስኪ የሀብታም ጨዋታ መሆኑን ያወቀችው አድጋ ነው። «እኔ እኮ ጫማ የሌለው ሰው የሚያደርገው መስሎኝ ነበር» ትላለች እየሳቀች።

ስታድግ እሳተ ገሞራው ላይ የስኪ ጫማ በሚያከራይ ሱቅ ተቀጠረች። የሰው እርጥብ ጫማ እያደረቀች ብዙ ክረምት አሳለፈች። ሐሳቡ የመጣላት እዚያ ነው። እንግዳው ይመጣል፣ ይንሸራተታል፣ ይወድቃል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ውልቅ ይላል።

«ዶን ኒባልዶ» አለችኝ አንድ ቀን ከሥራ ስመልሳት፣ «ይሄ ሁሉ ሰው ቤታችን ድረስ መጥቶ፣ ጣራችን ላይ ተጫውቶ የሚሄድ አይመስልዎትም? ደጅ የሚጠራ አንድ እንኳ የለም።»

«የማንን ደጅ ይጥራልሽ?» አልኳት።

«የፓፓይን።»

ከት ብዬ ሳቅሁ። ፓፓይ ዙኒልዳ ቱሪስት ሊያስተናግዱ! ቄሱ እንኳ እሳቸው ደጅ ሲደርሱ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ አንገትጌያቸውን አስተካክለው ነው። እኔ እየሳቅሁ፣ እሷ እያለመች፣ ፓፓይን አስፈቅዳ የራሷን የጉዞ ሥራ ጀመረች፤ ሳንቆይ ሚኒባሴን በስኪ ዕቃና በእንግዳ ሞልቼ ወደዚያ ሸለቆ መንዳት ጀመርኩ።

አጭር ጉዞ ማቀድ ቀላል የሚመስለው ላልሞከረው ነው። ሰው ጊዜ ባነሰው ቁጥር ፍላጎቱ ይበዛል፤ እሳተ ገሞራውንም፣ ፍል ውሃውንም፣ ሐይቁንም፣ ገበያውንም በአንድ ጉርሻ ሊውጥ ይፈልጋል። ኤዱቪና ሥራዋ መቀነስ ነው። «አጭር ጉዞ ጠባብ ቤት ነው፤ ዕቃ ባበዙበት ቁጥር መቀመጫ ይጠፋል» ትላለች። የመጡበት ቀን ስኪ አታስነካቸውም፣ እንቅልፍ ያጣ ጉልበት ቁልቁለት ላይ ይከዳልና። ስኪው ጠዋት ጠዋት ነው፣ ነፋስ ሳይነሣ። ከሰዓት በኋላ ፍል ውሃ። ሦስተኛው ቀን የፓፓይ ነው፣ ሌላ ምንም የለበትም። በዚያ ቀን ላይ መጀመሪያ የተጻፈው «ለሰላምታ፣ አንድ ሰዓት» የሚል ነው።

ቀልድ አይደለም። ፔዌንቼ ቤት ሰው ሲሄድ አጥሩ ጋ ቆሞ ይጣራል፤ እስኪመለስለት ድረስ አይንቀሳቀስም። ባለቤቱ ወጥቶ ማነህ፣ የማን ልጅ ነህ፣ አባትህ ደህና ነው፣ እናትህስ፣ ከብቱስ፣ የታመመ አለ ወይ፣ የሞተ አለ ወይ እያለ ይጠይቃል። እንግዳው ለእያንዳንዱ እውነቱን ይመልሳል። ከዚያ ደግሞ በተራው ይጠይቃል። ይሄ ፔንቱኩን ይባላል። እሱ ሳያልቅ ወደ ቤት መግባት የለም፣ በረዶ ቢጥልም። እኔ ያን ጊዜ ሁሉ ሞተሩን ሳላጠፋ መኪናዬ ውስጥ እጠብቃለሁ። «እነዚህ ሰዎች ሰላም ሲባባሉ የእኔ ናፍጣ ነው የሚያልቀው» ብዬ አማርራለሁ። ኤዱቪና ትሰማኛለች።

ታዲያ ያለፈው ዓመት ክረምት በሳንቲያጎ ያለ አንድ የጉዞ ወኪል ዕቅዷን ወድዶ ለአንድ ቡድን ሸጠው። ጽሑፉን ያሰናዳው ሰውዬ «ለሰላምታ፣ አንድ ሰዓት» የሚለው ላይ ሲደርስ የጽሕፈት ስህተት መሰለው። አይፈረድበትም፤ በሳንቲያጎ ሰው ጉንጭ ስሞ ያልፋል። «አንድ ደቂቃ» ብሎ አረመው። በተረፈው ጊዜ የአይብ መሸጫ ጨመረበት።

በዚያ ቀን ኤዱቪና ጥርሷን ልትነቀል ቴሙኮ ከተማ ሄዳ ነበር፣ ቡድኑም የራሱን ሹፌር ይዞ መጣ። የሆነውን የነገረችን የፓፓይ ጎረቤት ናት። አልተጣሩም፣ አልቆሙም። የአጥሩን ገመድ ፈትተው፣ በረዷማ ጫማቸውን ሳያወልቁ ዘው አሉ። አንዱ ፓፓይ የሚተኙበትን አልጋ ፎቶ አነሣ። አንዷ ደግሞ «እማማ፣ ያንን ሰላምታ እስቲ ለካሜራው ያድርጉልን፣ ፈገግ ይበሉ» አለቻቸው። ፓፓይ ወደ ምድጃቸው ሄዱ። እንግዶች ናቸውና የተቀቀለ የፔዌን ፍሬ አቀረቡላቸው፤ በልተው ሄዱ። በማግሥቱ ጎረቤቷ ስትመጣ አሮጊቷ የአጥሩን ገመድ በድርብ ቋጥረውት አገኘቻቸው።

«ምነው ፓፓይ?» ብትላቸው፣ «እኔ ደጅ የለኝም፤ ኤዱቪና ሸጣዋለች» አሏት።

ይቺ ቃል ሎንኪማይን ዞራ ኤዱቪና ጆሮ ስትገባ እኔ አጠገቧ ነበርኩ። ፊቷ ሲለዋወጥ አየሁት፤ የተነቀለው ጥርሷ ቁስል ገና አልደረቀም ነበር።

«የሳንቲያጎው ሰውዬ ነው ጥፋተኛው! ልሂድና እኔ ልንገራቸው» አልኩ።

«በእኔ ስም ነው የሄዱት፣ ዶን ኒባልዶ። በሰው አፍ ይቅርታ አይጠየቅም። እኔው ሄጄ እጣራለሁ።»

ሄደች። አጥሩ ጋ ቆመች። «ፓፓይ! ኤዱቪና ነኝ!» አለች። ከጭስ መውጫው ጭስ ይወጣል፣ ውሻው ይጮኻል፣ የሚመልስ ግን የለም። ካልተመለሰላት ደግሞ አትገባም፣ አትናገርምም። ቆማ ቆማ እግሯ ሲደነዝዝ ተመለሰች። በቀጣዩ እሑድ ደግሞ ሄደች። ከዚያ በኋላ ምን ልበላችሁ፤ ክረምቱ አለቀ፣ በጋው መጥቶ ሄደ፣ ሌላ ክረምት ገባ፤ ኤዱቪና እሑድ እሑድ ባደገችበት ቤት ደጅ ቆማ ትጣራለች፣ ማንም አይመልስላትም። እኔ አመላልሳታለሁ። አሮጊቷን በሆዴ የረገምኩትን እርግማን እግዜር ይቅር ይበለኝ።

«ዘልለሽ ግቢና ጉዳዩን ተናግረሽ ውጪ! ገመድ ነው እኮ!» አልኳት አንዴ፣ ትዕግሥቴ አልቆ።

«ያለፈው ጊዜ የገቡትም ገመዱን ፈትተው ነው» አለችኝ።

ወኪሉ ሌላ መላ አመጣ። ከዋናው መንገድ ዳር አዲስ የሣር ጎጆ ተሠርቶ፣ ተከፋይ ወጣቶች ከበሮ የሚመቱበት፣ ሰላምታ የሌለበት፣ ለቸኮለ ሰው የሚመች ቦታ አለ፤ ሦስተኛውን ቀን በዚያ ተኪው አላት። እምቢ አለች። ከዚያ ወዲህ በዕቅዷ ላይ ሦስተኛው ቀን ባዶ ነው። ደንበኛ እየሸሸ ሄደ፤ እኔም ሚኒባሴን ለሠርግ ማከራየት ጀመርኩ።

በዚህ መሐል ነው ዡሬማ የደወለችው። ከብራዚል፣ ከሬሲፌ፣ የጥርስ ሐኪም ናት። ከአባቷ ጋር ልትመጣ ነው፤ ያላት አራት ቀን ነው። ድምፅዋ ታክሲ ደጅ የሚጠብቃት ሰው ድምፅ ይመስላል።

«እናትሽ ደህና ናቸው?» አለች ኤዱቪና።

«ደህና ናት፣ ደህና ናት። ስለ ስኪው ንገሪኝ። ደግሞ ያንን የጥንት ፍርስራሽ፣ ማቹ ፒቹን፣ አንድ ቀን ብታስገቢልኝ?»

«እመቤቴ፣ ማቹ ፒቹ እኮ ሌላ አገር፣ ፔሩ ነው።»

«ቅርብ አይደለም እንዴ?»

የምጠጣው ማቴ፣ የአገራችን የቅጠል ሻይ፣ ትን አለኝ። ኤዱቪና በዓይኗ ገሠጸችኝና በትዕግሥት ማስረዳት ያዘች፤ ማቹ ፒቹ ተቀነሰ፣ የወይን እርሻው ተቀነሰ፣ ሐይቁም ተቀነሰ። ዡሬማ እንደ ገበያ ሰው ትከራከራለች። ሦስተኛው ቀን ላይ ሲደርሱ ጭራሽ ጮኸች።

«ባዶ? ምን ማለት ነው ባዶ? ለባዶ ቀን ነው የምከፍለው?»

«ለእሱ አትከፍይም። የምወስድሽ አንድ ቤት ነበር፣ ተዘግቷል። በሌላ ልተካው አልፈልግም። እዚያ ቀን ብትፈልጊ ተንሸራተቺ፣ ብትፈልጊ ተኚ።»

ስልኩን ስትዘጋ፣ «አትመጣም» አልኩ። መጣች።

አባቷ አኒዚዮ ይባላሉ። ከሬሲፌ ወደ ውስጥ ርቆ ካለው ድርቅ ከሚበዛበት ገጠር፣ ከብት ሲያረቡ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ኤዱቪና ያዋሰቻቸው ካፖርት ጉልበታቸው ላይ ደርሷል። ልጃቸው በሁለተኛው ቀን ጠዋት ስኪ ላይ ወጥታ ስትወድቅና ስትነሣ፣ እሳቸው ከታች ሻይ ቤቱ ውስጥ ምድጃ ዳር ተቀምጠው አሳላፊውን የእናቱን ስም ይጠይቃሉ። በፖርቱጋልኛ ይጠይቃሉ፣ በስፓኒሽ ይመለስላቸዋል፣ ይግባባሉ። ዡሬማ ፀጉሯ ውስጥ በረዶ ሞልቶ፣ በመከራ እያነከሰች ስትገባ፣ «ልጄ፣ በሬ እንኳ እንዲህ አይወድቅም» አሏት።

«አባዬ!» አለች። ግን ሳቀች። ኤዱቪና ያኔውኑ ዘቅዘቅ ካለው ቁልቁለት አውርዳ፣ ሕፃናት ከሚማሩበት ለጥ ካለው ስፍራ ላይ አስገባቻትና ከፊቷ ሆና ወደ ኋላ እየተንሸራተተች እጇን ይዛ አስኬደቻት። ልቤን የሚነካኝ ይሄ ነው። ኤዱቪና ስትንሸራተት በረዶው ድምፅ አያወጣም፤ ያን ሁሉ ችሎታዋን ግን ወድቃ የምትነሣ ሴት አጠገብ፣ ወደ ኋላ እየሄደች ነው የምታውለው። ከሰዓት በፊት ዡሬማ ብቻዋን ከላይ እስከ ታች ሳትወድቅ ወረደች። ሽማግሌው በመስኮቱ አይተው አጨበጨቡ።

በዚያው ቀን ምድጃው ዳር ሽማግሌው ኤዱቪናን ጠየቋት። «እዚህ አገር ሰው እንዴት ነው ሰላም የሚባባለው?»

ሁሉን ነገረቻቸው። አጥሩን፣ ጥሪውን፣ ጥያቄውን። አኒዚዮ እየሰሙ ወደፊት ተንጠራሩ።

«አንድ ሰዓት ሙሉ?»

«አንዳንዴም ያልፋል።»

«እንዲህ ያለ አገር ሳላይ ልሞት ነበር! መቼ ነው የምንሄደው?»

«አንሄድም። በሩ ተዘግቷል።»

«ማን ዘጋው?»

«እኔ» አለችና ሻይ ልታመጣላቸው ተነሣች። እኔ አጠገባቸው ስለ ነበርኩ አፌን ልከፍት ስል፣ ዞር ብላ አየችኝ። ዘጋሁት።

እሑድ ጠዋት ነፋስ ነፈሰ። ሰውን በሽቦ ወደ ተራራው የሚያወጡት ወንበሮች ቆሙ፤ ስኪ የለም። ዡሬማ ሆቴሉ በራፍ ላይ እጇን አጣምራ፣ «ይኸው ባዶው ቀን» አለች። ኤዱቪና ይቅርታ ጠይቃት፣ ለግል ጉዳይ አንድ ቦታ ደርሳ እንደምትመለስ ነገረቻት። ሽማግሌው ቀድመውን ሚኒባሱ ውስጥ ገብተው ኖሯል። «ተቀምጬ በመስኮት ከማይ እየሄድኩ በመስኮት ልይ» አሉ። ዡሬማም እያጉረመረመች ተከተለቻቸው።

አጥሩ ጋ ስንደርስ በረዶ መጣል ጀምሯል። ኤዱቪና ወረደች፣ የሱፍ ቆቧን አወለቀች። «ፓፓይ! ኤዱቪና ነኝ!»

ጭሱ ይወጣል፣ ውሻው ይጮኻል፣ መልስ የለም።

«ቤት ውስጥ ሰው የለም እንዴ?» አለችኝ ዡሬማ።

«አለ» አልኳት። ከዚያ ወዲያ አላስቻለኝም። የደቂቃዋን እርማት፣ የፎቶውን፣ የዓመቱን እሑድ ሁሉ ዘረገፍኩት። ሞተሩ እየተንደቀደቀ፣ እኔ እየተንተከተክሁ። ሽማግሌው ሰምተው ሲያበቁ በሩን ከፍተው ወረዱ።

«አባዬ፣ የት? ብርዱ!»

«ተይኝ ልጄ። ደጅ መቆም የማውቀው ሥራ ነው።»

ከኤዱቪና ጎን ሄደው ቆሙ። አጥሩን አልነኩም። ኮፍያቸውን አውልቀው ብብታቸው ውስጥ ያዙ፣ ጓንታቸውን አወለቁ፣ እጃቸውን ጧ ጧ አድርገው አጨበጨቡ። «ቤቶች! ኧረ ቤቶች!» አሉ፣ ከብት በሚጠሩበት ድምፅ። ለካ በእሳቸውም አገር ገጠር ሰው ደጅ ደርሶ የሚጣራው አጨብጭቦ ነው። ከዚያ ዝም ብለው ቆሙ። በረዶው መላጣቸው ላይ ያርፋል። አንድ ጊዜ እንኳ አላራገፉትም።

በሩ ተከፈተ። ፓፓይ ዙኒልዳ ጥቁር ሻሽ አሥረው፣ ደረታቸው ላይ የብር ጌጣቸውን ሰክተው፣ በትር ተደግፈው ብቅ አሉ። ሽማግሌ ሰው በረዶ እየወረደበት ደጅ ቆሞ ዝም ሊሉት አልቻሉም። ዓይናቸው ኤዱቪናን እንደ አጥር እንጨት አልፏት ሽማግሌው ላይ ቆመ።

«ማነዎት?»

«አኒዚዮ ነኝ። የጄንቲል ልጅ።»

«ከየት?»

«ከብራዚል፣ ፀሐይ ድንጋይ ከምትሰነጥቅበት።»

«አባትዎ አሉ?»

«ሞተዋል። አርጅተው፣ ከብቶቻቸው መሐል።»

«እናትዎስ?»

«እሷም ተከትላቸዋለች።»

«ከብቱስ? ዝናቡስ?»

«ዝናቡ ዘንድሮ ይሻላል። ከብቱ ግን በድርቁ ጊዜ አልቆብኛል፤ ጥቂት ቀርቷል፣ የእህቴ ልጅ ይጠብቀዋል።»

«ባለቤትዎስ ደህና ናቸው?»

አኒዚዮ ኮፍያቸውን ከብብታቸው አውጥተው ደረታቸው ላይ ያዙ። ከመኪናው ወርዳ ከኋላቸው የቆመችው ዡሬማ አፏን በእጇ ያዘች።

«ባለቤቴ ከሞተች ዓመት አልሞላትም» አሉ። «በረዶ ማየት የምትመኘው እሷ ነበረች። እኔ ብርድ አልወድም። ለእሷ ብዬ ላይላት ነው የመጣሁት።»

ዡሬማ ማልቀስ ጀመረች። ኤዱቪና ዞር ብላ አየቻት። «ደህና ናት፣ ደህና ናት» ያለችው ትዝ እንዳላት ከፊቷ ታውቋል፤ አንድም የወቀሳ ነገር ግን አላየሁባትም። ሄዳ ትከሻዋን አቀፈቻት።

ፓፓይ አንገታቸውን ዝቅ አደረጉ። «ነፍሳቸውን ይማር» አሉ። ከዚያ ሽማግሌው በተራቸው ጠየቁ፤ እሳቸውም መለሱ። የፓፓይ ወንድም፣ ያ ጣውላ ጠራቢው፣ በጋ ላይ እንደ ታመመ፣ ፍየሏ መንታ እንደ ወለደች፣ የፔዌኑ ፍሬ ዘንድሮ አነስ እንዳለ። በረዶው ይወርዳል። ማንም አይቸኩልም። እኔ መስኮቱን ዝቅ አድርጌ እሰማለሁ፤ ስለ ናፍጣው ትዝ ያለኝ በኋላ ነው።

«ከማን ጋር መጡ?» አሉ በመጨረሻ።

«ከልጄ፣ መኪናው ውስጥ ከተቀመጠው ከዚያ ለፍላፊ ሰውዬ፣ ከዚህችም ልጅ ጋር» አሉ አኒዚዮ። «ይህቺ ልጅ፣ በሩን እኔ ዘጋሁት ብላ ራሷን ስትከስ ሰማኋት። እኔ የሰው ቤት ጉዳይ አላውቅም። ሰላምታ አንድ ሰዓት ነው ብላ የነገረችኝ ግን እሷ ናት። ከእኔ ሰዓት የተረፈ ካለ ለእሷ ይስጡልኝ።»

ፓፓይ በትራቸውን በረዶው ውስጥ ወጋ ወጋ አደረጉ። እኔ ተመልሰው የሚገቡ መሰለኝ። ዞር አሉና፣ ዓመት ሙሉ ያላዩትን ፊት አዩት።

«አንቺስ ማነሽ?»

የእንግዳ ጥያቄ ነው። ኤዱቪና ግን ቀጥ ብላ ቆመች።

«ኤዱቪና ነኝ።»

«የማን ልጅ ነሽ?»

«የወለደችኝን አላውቃትም። ያሳደጉኝ ዙኒልዳ ካዩል ናቸው።»

«ያሳደገችሽ ደህና ናት?»

በፔንቱኩን ውሸት ነውር ነው። «አላውቅም» አለች። «ዓመት ሆነኝ ካየኋቸው። እርስዎ ያውቁ እንደሆን ይንገሩኝ። ደህና ናቸው?»

ፓፓይም ቢሆኑ በፔንቱኩን መዋሸት አይችሉም።

«ደህና አይደለችም» አሉ። «ጉልበቷን ያማታል። እንጨቷ ረጥቦባታል። እሑድ እሑድ መስኮት ላይ ቆማ፣ ደጅ የቆመች ልጅ ታያለች፤ ልመልስላት ትልና ንዴቷ አፏን ይይዘዋል። ሌሊት ደግሞ እግሯ ቀዝቅዞ ይሆን ትላለች።»

ኤዱቪና ማልቀሷን ለመደበቅ አልሞከረችም። አሮጊቷ ወደ አጥሩ መጥተው ገመዱን መፍታት ጀመሩ፤ በድርብ የተቋጠረ ነውና ብርድ በያዘው ጣታቸው አልፈታ አላቸው። ኤዱቪና እጇን አልሰነዘረችም። እሳቸው እስኪፈቱት ጠበቀች።

«ግቢ» አሉ ሲፈታ። «ጫማሽን አራግፊ።»

አቅፈዋት ቆዩ። ከዚያ ሽማግሌውን በክንዳቸው ያዙ፤ ዡሬማን ደግሞ ከላይ እስከ ታች አይተው፣ «ይቺ ደግሞ የምታነክሰው ምን ሆና ነው?» አሉ።

«ስኪ፣ ፓፓይ» አለች ኤዱቪና አፍንጫዋን እየጠረገች።

«በደህና መንገድ በእግር መሄድ አይሻልም?»

ሁሉም ወደ ቤት አመሩ። እኔ እንደ ልማዴ መኪናዬ ውስጥ ቀረሁ። ፓፓይ ደፉ ላይ ሲደርሱ ቆም ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

«ያ ስንት ክረምት ደጄ ላይ ሞተር የሚያስጮኸው ማነው?»

ቁልፉን አዞርኩ። ሞተሩ ሲጠፋ ሸለቆው እንዲያ ጸጥ የሚል መሆኑን የዚያን ቀን አወቅሁ። ወረድኩ፣ ኮፍያዬን አወለቅሁ፣ አጥሩ ጋ ደርሼ ቆምኩ።

«ኒባልዶ ነኝ» አልኩ።

«የማን ልጅ ነህ?»

በረዶ ዘግቶበት ከቀረው ከአያቴ ጀመርኩ።